ጸበል የገባው የጠላቂ ሰዓት

ሰኞ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018፣ ደብረ ብርሃን

ከአንኮበር ተመለስኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሸጡልኝ የለመንኳቸው የጋሽ ወርቁ ሰዓት ኪሴ ውስጥ ነው። ደስታው ግን የለም።

ጋሽ ወርቁ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ሳሉ እጃቸው ላይ ያሰሩት ነው። ከሰበሰብኳቸው አሮጌ ሰዓቶች አንዱም አይደርስበትም። ባለፈው ስሄድ ላስደስታቸው ብዬ፣ "ባሕር ያልበገረውን ምን ውኃ ይነካዋል?" አልኳቸው። ውኃ የሚከለክለው የክዳኑ ጎሚኒ፣ ያ ቀጭን የጎማ ቀለበት፣ በስልሳ ዓመት እንደሚደርቅ አውቃለሁ። ዝም ያልኩት ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስደው ሲያስከፍቱት እሱ እንዳይገዛቸው ፈርቼ ነው።

ለሕመማቸው ጸበል ሲገቡ አላወለቁትም። በሦስተኛው ቀን ቆመ።

"ውሰደው ልጄ፣ በነፃ" አሉኝ ዛሬ፣ ከአልጋቸው ሳይነሡ። "ባሕር ያላቆመውን ጸበል አቆመው። ቀኔ ማለቁን ሊነግረኝ ነው። ከእንግዲህ ጸበሉም መድኃኒቱም በቃኝ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ጎሚኒው ደርቆ ነው! እያወቅኩ ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ።"

ፈገግ አሉ። "ምን ውኃ ይነካዋል ያልከኝ አንተው አይደለህ? አሁን ልታጽናናኝ ብለህ ነው።"

ሰዓቱን ይዤ ወጣሁ።

ቤት እንደገባሁ ክዳኑን ከፈትኩት። ውስጡ ዝጓል። ጎሚኒው እንዳሰብኩት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ነገ ወስጄ በዓይናቸው እንዲያዩት ብዬ በወረቀት ልጠቀልለው ሳነሣው፣ ጣቶቼ መሃል ተፈርፍሮ ዱቄት ሆነ።