የአያ ደሴ በር

ኮሶዬ፣ ረቡዕ ኅዳር 6 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዛሬ ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል። ከጎንደር የመጣው ካድሬ ገበሬውን ሰብስቦ፣ «ይህን ትምህርት ቤት አብዮቱ ሠራላችሁ» አለ። አያ ደሴ ብድግ አሉ። በንጉሡ ጊዜ ቦታውን የሰጡት፣ ድንጋዩንም ከጎረቤቶቻቸው ጋር በጫንቃቸው ያመጡት እሳቸው ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ እኛ የሠራነውን?»

«ተቀመጥ፣ አድኃሪ!» ብሎ ጮኸባቸው።

እኔም ተነሥቼ፣ «እውነታቸውን ነው፤ ሕዝቡ ነው የሠራው» አልኩ።

«ጓድ መምህር፣ አንተን በኋላ እናነጋግርሃለን» አለኝ።

ካድሬው እንደ ሄደ አያ ደሴ መጥረቢያ ይዘው መጡና የክፍሉን በር ይነቅሉ ጀመር። ለካ ያን ጊዜ ጣውላ ሲጠፋ የገዛ ቤታቸውን በር ነቅለው ሰጥተው ኖሯል።

«አያ፣ ኧረ ልጆቹ በብርድ ያልቃሉ!» ብዬ ለመንኳቸው።

«አብዮቱ ሠራሁ ካለ በሩንም ይግጠም» አሉና ተሸክመውት ሄዱ።

አሁን የኮሶዬ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል። ሽማግሌውን ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ ልጆቹም ምን አጠፉ? ነገ፣ «መምህር፣ በራችንን ማን ወሰደው?» ይሉኛል። «ባለቤቱ» ብዬ ብመልስ እታሰራለሁ።