ለእማዬ ዓይን የለጠፍኩት ፕላስተር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ለድንቡሼው ወንድሜ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን በየቀኑ በምትለጥፋቸው ፎቶዎች አያለሁ። እኛም አለን። እማዬ «ደህና ነች በይው፣ ሌላ ነገር እንዳትጽፊ» ብላኛለች። እኔ ግን እጽፋለሁ። ቀኝ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ከሆነች ሁለት ወሯ ነው፤ አልዳነላትም። ሐኪሙ ግራውም ቢበዛ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው የሚቆየው ብሏል። ይኸው፣ ነገርኩህ።

አሁን ወደ ካሜራህ ልምጣ። ስትልከው «በአዲሱ ካሜራ እማዬን አንሺና ላኪልኝ፣ ሳሎኔ ውስጥ እሰቅላታለሁ» አልክ። እሺ አልኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የስንቱን የፓስፖርት ፊት ሳነሳ የኖርኩ ሰው የገዛ እናቴን ማንሳት ያቅተኛል? እማዬ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ፎቶ ቤት መጣችና በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ቁልፉን ስጫነው ወይ ፍንክች! ሌንሱ ዚዝ ዚዝ እያለ ወደፊት ይወጣል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ፊቷን ፈልጎ ፈልጎ ያጣትና ቀጥ ይላል።

ያላደረግኩት የለም። ባትሪውን ሞላሁ፣ ካርዱን ቀየርኩ፣ ሌንሱን ወለወልኩ፣ ቀርባው እንደሆነ ብዬ እማዬን ከነበርጩማዋ ወደኋላ ጎተትኳት። መመሪያው እንደሚለው ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ ተጭኜ ጢጥ እስኪል ጠበቅኩ። ምን ጢጥ ይላል! ደወልኩልህ፤ አታነሳም። ጻፍኩልህ፤ በሦስተኛው ቀን «መመሪያውን አንብቢው» ብለህ የምትስቅ ፊት ላክህልኝ። የተበላሸ ዕቃውን አራግፎብን ነው እያልኩ ስረግምህ ዋልኩ።

እማዬ ግን አልሰለቻትም። አራት ቀን ሙሉ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ እየመጣች ትቀመጣለች። በአራተኛው ቀን ወደ ሌንሱ ጠጋ ብላ «ከሳሁብህ አይደል?» ስትለው ሰማኋት። ለካ አንተ በውስጡ የምታያት መስሏት ኖሯል! ሌንሱ ወጣ ገባ ባለ ቁጥር አንተ ከዚያ ሆነህ እያስተካከልከው መስሏት። ምን ልበላት? ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩት።

በማግስቱ ካሜራውን ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው አገላብጦ አየና «ይቺን ፕላስተር ደግሞ ማን ለጠፋት?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ነኝ። ከሌንሱ ጎን ትንሽ መብራት አለች፤ ቦታው ጨለም ሲል እሷ በርታ ነው ካሜራው የሚያነሳውን ሰው የሚያገኘው። እኔ ደግሞ መብራት የእማዬን ዓይን ስለሚያማት የፎቶ ቤቱን አምፖሎች አጥፍቼ፣ መጋረጃውን ዘግቼ ነበር። ያቺ መብራት ስትበራ ጊዜ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች፤ እኔም ጥቁር ፕላስተር ቆርጬ መብራቷ ላይ ለጠፍኩ። ካሜራው ደግሞ በደንብ ካላየ አያነሳም፤ ቁልፉም እንቢ ያለው ለዚህ ነው። ሰውየው ፕላስተሩን ልጦ ተጫነው፤ ቀጭ አለ። ካሜራህ ጤነኛ ነው። ስለ እርግማኑ ይቅርታ፤ ስለ ሌላው ግን አልጠይቅህም።

ቤት ገብቼ «ተሠርቷል፣ ነገ ነይና ላንሳሽ» አልኳት። አንተ በካሜራው ውስጥ እንደማታያትም በዚያው ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ላከው?»

«ፎቶሽን ሊያይ ነዋ።»

«እሱ እኔን ሊያይ» አለች፤ ቀጥላም «እኔስ?» አለችኝ።

ሰማያዊ ቀሚሷን አጣጥፋ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። ብለምናት ባስለምናት ፎቶ ቤት ድርሽ አልል አለች።

ስለዚህ ፎቶ የለም። እናትህን የምታይበት ዕቃ መርጠህ ልከሃል፤ እሷ አንተን የምታይበት ግን ያቺ አንድ ዓይኗ ብቻ ናት፣ እሷም ልትሄድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» ስትለን ኖርክ። የዘንድሮው አልቋል፣ የሚቀጥለው አያስፈልጋትም። አሁን ና። ካሜራውን ከነካርቶኑ አስቀምጬልሃለሁ፤ መጥተህ ራስህ አንሳት። መብራቷን ግን ሸፍናት፣ ያማታል፤ ካሜራው እንቢ ካለህም ይበል።

እግዜር ዓይንህን ይጠብቅልህ፤ ከልቤ ነው።

ይሄን ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ናት። «ምን አልሽው?» ብላ ወረቀቱን ተቀበለችኝና ወደ ፊቷ አስጠጋችው። «ደህና ነች ብዬ» አልኳት። «ጎሽ» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

እህትህ