ያልተቀመጥሁበት ምክንያት፣ በሕዝብ ፊት እንዲብራራ በታዘዘው መሠረት

ለተከበሩ ጓድ ኃይለመስቀል፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤
ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለሚያነብም ሁሉ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ይልቁንም አቀማመጥዎ እንዴት ነው? እኔ ስሙን በስብሰባ እንዳንጠራ የመከሩን አምላክ ይመስገንና ደኅና ነኝ፤ ቆሜም ቢሆን ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረኝ የእርስዎው መሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ፍሬ ለእርስዎ ይድረስ ብዬ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ ቆሜ ስለምጽፍ ነውና አይቀየሙኝ።

ባለፈው እሑድ በአዳራሹ ለምን እንዳልተቀመጥሁ በሕዝብ ፊት እንዳብራራ፣ በሚመጣው እሑድም ግለሂስ እንዳደርግ፣ እስከዚያው ከሸማኔዎች ማኅበር ክር እንዳይሰጠኝ አዘዋል። በዕለቱ "ምክንያቱ የግሌ ነው" ብል፣ "በአብዮት ዘመን የግል የሚባል ነገር የለም" ብለው መለሱልኝ። ሳስበው ሰነበትሁ፤ እውነትዎን ነው። መሬት ተወርሶ፣ ትርፍ ቤት ተወርሶ፣ የእኔ የዳልጮ መቀመጫ ምን ቤት ነውና ይቀራል? ስለዚህ ያለኝን ሁሉ ለሰፊው ሕዝብ አስረክባለሁ። በሽታዬ የመቀመጫ ኪንታሮት ነው።

አንደኛ፣ ንብረቱ ከየት እንደመጣ ልናገር። ሸማኔ ዕድሜውን የሚጨርሰው እግሩን ጉድጓድ ከትቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። ከደጋው ከኦቾሎ ወርጄ ቆላው ሲቀላ ከገባሁ ጀምሮ በዚህ ሙቀት ተቀምጬ መወርወሪያ ስወረውር ኖርሁ፤ በመጨረሻ መቀመጫዬ አመፀ። ባለቤቴ አገርነሽ በሕይወት ሳለች "ኧረ አንተ ሰው ሂድና ታይ" እያለች ስትጨቀጭቀኝ እምቢ አልሁ። እሷ ሞታ የሚጨቀጭቀኝ ሲጠፋ ጊዜ ሄድሁ። ሐኪሙ በመርፌ አደንዝዞ ቆርጦ አወጣልኝና በዚያው ቀን በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ድሬሰሩ ዘካሪያስም "ጋሼ፣ ጠዋትና ማታ ለብ ያለ የጨው ውሃ ላይ ይዘፍዘፉ፣ በርበሬ ይተዉ፣ ጎመንና ፓፓያ ያብዙ፣ ጣውላ ላይ እንዳይቀመጡ" ብሎ መከረኝ። ከኩልፎ ሙዝ የሚጭነው ሾፌር ደበሌ ደግሞ ከጎማ ያወጣትን አሮጌ ከመነዳሪ ነፋስ ሞልቶ ሰጠኝ። እንደ ቀለበት ክብ ናት። ሰው ጠርዟ ላይ ይቀመጣል፤ ቁስሉ መሃል ክፍቱ ላይ ሳይነካ ያርፋል። ሶፋ ያለው ሰው ይህን አይረዳም።

ሁለተኛ፣ ይህችን ከመነዳሪ በብብቴ ይዤ ወደ አዳራሹ ስገባ የአብዮት ጥበቃው ጓድ በሩ ላይ ነጠቀኝ። "ጎማ በጠፋበት አገር ሽማግሌ በከመነዳሪ ምን ያደርጋል?" አለኝ። አጠገቤ ሸዋነሽ ቆማ ነበር። ሸዋነሽ የልጄ አማት ናት፤ በእኛ ዘንድ ሰው በአማት ፊት ስለ መቀመጫው አያወራም። ስለዚህ "ልዋኝባት ነው" አልሁት። እሱም አዞ በሞላበት ሐይቅ ሽማግሌ ለመዝናናት እንደማይዋኝ አስቦ፣ "ወዴት ሊሻገሩ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ንቃቱን አደንቃለሁ። ኢትዮጵያን በከመነዳሪ ጥሎ የሚሄድ ሽማግሌ እንዳይኖር የሚጠብቅ ሰው በር ላይ መቆሙ ያስመካል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። የአዳራሹ አግዳሚ ጣውላ ስለሆነ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ እንጂ ማንንም ልረብሽ አላሰብሁም። ነገር ግን ጓድ፣ ከደጋ የወረደው ሕዝባችን ስብሰባ የተማረው ከዱቡሻ ነው። እርስዎ ከሰሜን መጥተው ሳያዩት ቀርተው እንደሆነ፣ ዱቡሻ የሽማግሌዎቻችን ሸንጎ ነው። ሁሉም ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ የቆመ ሽማግሌ ካለ ቃል አለው ማለት ነው፤ ተናግሮ እስኪቀመጥም ሌላው ዝም ይላል። ሰዎቹ ዘወር ብለው እኔን ቆሜ አዩኝና ዝም አሉ። እርስዎ ስለ ምርት ዘመቻው ተናግረው ማጨብጨቢያው ቦታ ሲደርሱ አንድ እጅ እንኳ አልተነሣም፤ ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ቃሌን ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ቃል የለኝም፤ ያለኝ ቁስል ነው። ዝም ባልሁ ቁጥር ነገሬ የከበደ መሰላቸው። በዚያ መካከል እርስዎ "አባት፣ ይቀመጡ" አሉኝ። "አልቀመጥም" አልሁ። ያን ጊዜ አዳራሹ አጨበጨበ።

ስለዚያ ጭብጨባ ይቅርታ አልጠይቅም፤ እኔ አላዘዝሁትም። ያልታዘዘ ጭብጨባ ድምፁ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን በመስማትዎ ግን ደስ ብሎኛል።

አራተኛ፣ ክር ስለከለከሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቁስሌ እስኪደርቅ ጉድጓዱ ውስጥ መግባት እንደማልችል ማንም ሳይነግርዎት አውቀውልኛል። ችግሩ ቁስሉ እየደረቀ መሆኑ ነው፤ ዘካሪያስም አይቶ ሥራ እንድጀምር ፈቅዶልኛል። የልጅ ልጄ ጽጌሬዳ ልትዳር ነው። ለሰርጓ የጀመርሁላት ነጠላ በግማሹ ቆሟል። እስከ ግማሹ ያደረሰው አገርነሽ ሳትሞት ፈትላ ያስቀመጠችው ማግ ነው፤ አለቀ፤ ከእሷ እጅ ሌላ አይመጣም። የቀረው ግማሽ ያለው በእርስዎ ትእዛዝ ሥር ነው። ልጅቱ ከግማሽ ነጠላ ጋር ብትዳር እኔ ለአማቶቿ "አያቷ ስለቆመ ነው" ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ እርስዎ ግን ምን እንደሚሏቸው አላውቅም።

እንግዲህ እሑድ እመጣለሁ። ግለሂስ አላደርግም፤ የሚብራራውን እዚህ አብራርቼ ጨርሻለሁ። ከመነዳሪዬና ክሬ ከተመለሱልኝ ከሕዝቡ ጋር እቀመጣለሁ፤ እርስዎም እንደልብዎ ይናገራሉ። ካልተመለሱልኝ እቆማለሁ፤ ሕዝቡም ዝም ይላል።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ወንበርዎን ያለስልስልዎ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከወገቤ ጎንበስ ለማለት የሐኪም ፈቃድ ስለሌለኝ ቀጥ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀበሌዎ ቋሚ አባል፣
ዳልጮ ዳና፣ ሸማኔ
ሲቀላ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ዕለት ስለ ከመነዳሪዬ ልጠይቅ ቢሮዎ ስመጣ፣ "መጋዘን ውስጥ ለማስረጃ ተቀምጣለች" ብለውኛል። ሌላ ጊዜ ለሽማግሌ ብድግ ይሉ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከወንበርዎ አልተነሡም። አጥፈው ከተቀመጡበት ኮት ሥር የነፋስ መሙያዋ ቱቦ ብቅ ብላ አየኋት። ጓድ፣ አይፈሩ፤ ዘካሪያስ ምስጢር ይጠብቃል። ውሃው ለብ ይበል፣ ጨውም አይርሱ። ነገር ግን ከመነዳሪዋ አንዲት ናትና እሑድ ከሁለታችን አንዳችን መቆማችን አይቀርም። እኔ ለምጄዋለሁ።