የፊት ወንበሩ ላስቲክ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? እኔ፣ ባለቤቴ ፊርደውስና ልጃችን ሳፋ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የለንደን ፀሐይም ተለምና ተለምና ሰሞኑን ብቅ ብላልናለች። ዕድሜ ልኩን ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው ግራ ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የላክሁልዎን ቅባት ይቀቡታል ወይስ እንደ ልማድዎ ለክፉ ቀን ብለው ቆልፈውበታል? የእማዬ ደም ግፊት ወረደላት? ጅማ ክረምቱ ገባ? እህቴ ሰቢሃ በላከችው ፎቶ ላይ የጓሮው አቮካዶ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ሳየው አፌ ውሃ ሞላ።

በደብዳቤ የምጽፍልዎ በስልክ ሲሆን ገና ወደ ፍሬ ነገሩ ሳልገባ «በል ሒሳብህ ይቆጥራል» ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። መነጽርዎን አድርገው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው እንደሚያነቡልኝ አውቃለሁ።

ሰቢሃ ሁሉን ነግራኛለች። የአዲሱን መኪናዬን ፎቶ ካዩ ወዲህ ጎረቤታችን ባፈና «ልጅህ ላንተም እንዲህ ያለ ይልክልሃል፤ ያንተ ድርሻ ቀረጡን መክፈል ብቻ ነው» ብለውዎት፣ አንቱም ለቀረጡ ሲሉ ጓሮውን ሊሸጡ ደላላ እንዳስገቡ ሰማሁ። አባባ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ደላላውን ሻይ ጋብዘው ይሸኙት። ጓሮው መሸጥ የለበትም። ለምን እንደሆነ ሳልደብቅ ልንገርዎ።

መጀመሪያ ነገር፣ ፎቶውን ያዩ ቀን ምን ብለው እንደጠየቁኝ ያስታውሳሉ? «በረዳት ወንበር ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ? ሾፌሩ የት ሄደ?» ነበር ያሉኝ። ፊርደውስ እስከ ዛሬ ስትስቅብኝ ትውላለች። አዎ፣ እዚህ አገር መሪው በቀኝ ነው፤ ሾፌሩ እኔው ነኝ። ይህን በአንድ እይታ የያዙት አንቱ፣ እንዲህ ያለ መኪና እዚያ ታርጋ እንደማያገኝ እንዴት እንደዘነጉት ይገርመኛል። ምኞት እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ፤ አልፈርድብዎትም።

ቢሆንም ነገሩን አልተውኩትም። ቦሌ የሸኙኝ ዕለት «አዲስ መኪና ላይ አስቀምጥዎታለሁ» ብዬ ቃል ገብቼልዎ ነበር። ዕድሜዎን በሙሉ የሰው መኪና ነዱ፤ የሚሰጥዎም ሁሌ ሌላው ነድቶ ነድቶ የሰለቸው ነበር። ላስቲኩ ያልተነሣ ወንበር ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጡ ጡረታ ወጡ። ይህ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ መሪው በግራ የሆነ መኪና ከሌላ አገር ቢገዛስ ብዬ ወዳጄን ኪዳኔን ላማክር ሄድኩ።

ኪዳኔ እዚህ ለንደን፣ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ወደ ኮንቴይነር ያስጭናል፤ አገር ቤት ሳለ ትራንዚተር ስለነበር የጉምሩክን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። የመጣሁበትን ስነግረው አንድ ካርቶን አንሥቶ ወለሉ ላይ አኖረና «ይህ መኪናው ነው» አለኝ። የመርከቡንና የኢንሹራንሱን ትንሽ ካርቶን ደረበበት። ቀረጡ የሚሰላው በሁለቱ ድምር ላይ ነው ብሎ ሌላ ጨመረ። ከዚያ ኤክሳይዝ ታክስ መጣ፤ እሱ ደግሞ ቀረጡም በተደመረበት ዋጋ ላይ ይሰላል። ቫቱ ከሥሩ ባለው ሁሉ ላይ፣ ሱር ታክሱም እንደዚያው። የጅቡቲ ወደብ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የከባድ መኪና ጭነት እያለ ሲቀጥል ክምሩ ከእኔ ቁመት በለጠ፤ ኪዳኔም መሰላል ፍለጋ ሄደ! አለቃው መጥቶ ምን እየሠራችሁ ነው ባይለን ኖሮ ጣሪያው ይደርስ ነበር።

በአጭሩ አባትህ አንድ መኪና ለመንዳት የሦስት መኪና ዋጋ ሊከፍሉ ነው አለኝ። ሰው የሚያወራውን የዲያስፖራ ከቀረጥ ነፃ ጉዳይ ሳነሣበት ደግሞ ያ ድሮ ጠቅልለው ለሚገቡ ሰዎች የነበረ ነገር ነው ብሎ ሳቀብኝ። አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ ይገዛ ቢባልም ያው ነው፤ ነጋዴውም ያንኑ ክምር ከፍሎ፣ ዶላር ለማግኘት ወረፋ የጠበቀበትን ጨምሮ፣ የራሱን ትርፍ ደርቦ ነው የሚሸጥልን። ጓሮው ተሸጦ ከነአቮካዶው ቢሄድ ከታችኛው ካርቶን ብዙም ከፍ አይልም አባባ። ጓሮውም ይሄዳል፣ መኪናውም አይመጣም።

ለንደን ርካሽ ነው ብዬም አላታልልዎ። ይህን መኪና የገዛሁት አምሮኝ ሳይሆን፣ ዘንድሮ ጭሷ የበዛ መኪና መሀል ከተማ በገባች ቁጥር ትክፈል የሚል ሕግ ስለወጣ ነው፤ አሮጌዋ መኪናዬ በታክሲነት ሠርታ ያመጣችውን መልሳ ልትበላው ሆነ። ልገዛ ስሄድ ሻጩ ልጅ እንግሊዝ ከአውሮፓ ማኅበር ከወጣች በመኪና ላይ ቀረጥ ሊመጣ ስለሚችል ቶሎ ግዛ ብሎ አጣደፈኝ። ቀረጥ እዚህም ተከትሎኝ መጣ ብዬ ሳቅሁ። ተስማምተን ልፈርም ስል ቀለሙስ አለኝ። ለካ ቀለም ለብቻው ይከፈላል! ያለ ቀለም መኪና የሚገዛ ሰው አለ እንዴ? ፊርደውስ ቀይ ብላ ስታስቸግረኝ ከርማ፣ የማይከፈልበት ነጩ ነው ሲላት ነጭ ድሮም ደስ ይለኛል አለች።

አሁን የወንበሩን ነገር ልንገርዎ። እንደ አገራችን ደንብ ላስቲኩን ሳላነሣ ሥራ ጀመርኩ። ከሰፈራችን ከስቶክዌል ወደ ሆስፒታል ሳደርሳቸው የነበሩ አንዲት አሮጊት ፍሬን ስይዝ እንደ ሳሙና ተንሸራተው ጉልበታቸው ከፊት ወንበር ጋር ተላተመ። ደግነቱ አልተጎዱም፤ እንዲያውም ልጅ ሳሉ በበረዶ ላይ የተንሸራተቱትን እንዳስታወስኳቸው ነግረውኝ ወረዱ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ግን አልሳቁም፤ ወንበርህ ይንኮሻኮሻል እያሉ ለታክሲ ድርጅቱ ከሰሱኝ። ፊርደውስ አንድ ቀን ጠዋት የኋላውን ላስቲክ በሙሉ ገፍፋ ጣለችው። የፊቱን ልትገፍፍ ስትል ግን እጇን ያዝኳት። ያ የአባባ ነው አልኳት። እሷም ተወችው።

እስከ ዛሬ በዚያ ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም። ተሳፋሪው ከኋላ ነው፤ ፊርደውስም ከኋላ ናት። ሳፋ ጓደኞቿን ይዛ ስትመጣ የአያቴ ነው፣ እንዳትነኩት እያለች ትቆጣቸዋለች። ኪዳኔ እንኳ ቤቱ ሳደርሰው ረጃጅም እግሮቹን አጣጥፎ ከኋላ ይቀመጣል።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። መኪናው ወደ አንቱ ይምጣ ካልን ያ ሁሉ ክምር አለበት፤ አንቱ ወደ መኪናው ይምጡ ካልን ግን ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለእኔ ይተዉት። የጥሪ ወረቀቱን ለሰቢሃ ልኬላታለሁ፤ የአንቱንና የእማዬን ፓስፖርት ይዛችሁ አዲስ አበባ ውጡ። ቪዛው ባይሳካ ደግመን እንጠይቃለን፤ ላስቲኩ እንደሆነ አያረጅም።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ስትመጣ ወፍራም ሹራብ እንድትይዝ እንጂ በርበሬ እንዳታበዛ ይንገሩልኝ፤ ብታበዛም ግን አልቆጣም። ሰቢሃን ስለ ፎቶውም ስለ ወሬውም ያመስግኑልኝ። ባፈናንም ሰላም ይበሉልኝ፤ አልተቀየምኳቸውም፤ የደረሰውን አቮካዶ አንድ ቅርጫት ይላኩላቸው። ለደላላውም ሁለት ፍሬ አይጠፋም።

አባባ፣ ወንበሩ በግራ በኩል ነው፤ ዕድሜዎን በሙሉ የተቀመጡበት በኩል። ላስቲኩን በእጅዎ ገፍፈው በለመዱት ቦታ ይቀመጣሉ። እኔም አንቱ እንዳሉት፣ በረዳትዎ ወንበር ሆኜ እነዳለሁ።

ልጅዎ አልአሚን
ስቶክዌል፣ ለንደን
ሰኔ ፳ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.