ዛፍ የሌለው መንደር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ዛሬ ባሕሩ ያርፋል። እኛም። ማክሰኞ መረብ መጣል ነውር ነው፤ አያቶቻችን ሕጉን ከነጀልባቸው ከጋና ይዘውት መጡ። የአገሬው ሰዎች ግን ያጠምዳሉ፣ ዓሣውንም ለኛው ይሸጡልናል... ሞኙ ማን ነው?
ወንዶቹ መረብ እየጠገኑ ነው። ከጥገናው ወሬው ይበልጣል። እኔ ዓሣ በጭስ የማደርቅበትን ምድጃ አመድ ጠረግሁ። ከጀርባው አንዲት የኮኮናት ቡቃያ! ሁለት ቅጠል። እኛ መንደር?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
ቡቃያዋ ከሐሳቤ አልወጣ አለች። አያቴ ናና ኤሲልፊ ከነጓደኞቻቸው እዚህ ጋምቢያ ሲሰፍሩ ባለመሬቶቹ ያሏቸው አንድ ነገር ነው፦ "አጥምዱ፣ ሽጡ፣ ውለዱ፤ ዛፍ ግን እንዳትተክሉ።" ዛፍ የተከለ መሬቱ የኔ ነው አለ ማለት ነው።
ናናን ቅር አላላቸውም። "ለሚሄድ ሰው ዛፍ ምን ሊረባው?" ይላሉ። የዓሣው ወቅት ባለቀ ቁጥር "ዘንድሮ እንመለሳለን"... እናቴ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ! ጓዛቸውን የሸከፉበት ሳጥን ዛሬም በገመድ እንደታሰረ አለ።
እኔስ? ወዴት ነው የምመለሰው? ያንን አገር በዓይኔ አላየሁት።
ብነቅላት ይሻላል። ውል አፈረሳችሁ ብለው ቢያስነሡንስ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
አልነቀልኳትም። ቅርጫት ደፋሁባት።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ቅርጫቱ ተነሥቷል። ሥሯ እርጥብ። ማን?
ተደብቄ ጠበቅሁ። ናና! በመጠጫ ጣሳቸው ውሃ ይዘው።
"ናና፣ ምን እያደረጉ ነው?"
"ጣሳዬን እያለቀለቅሁ።"
"እሷ ላይ?"
"አንቺ ልጅ፣ ይልቅ ዓሣሽ እያረረ ነው!"
ዓሣው ገና ምድጃ ላይ አልወጣም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17
ጉድ ፈላ! ዴምባ ሳኞ መጡ፤ የባለመሬቶቹ ሹም፣ የናና የዳማ ባላንጣ። እሳቸው "እናንተ ባሕር የተፋችሁ!" ይሉናል፣ ናና "እናንተ መዋኘት የማትችሉ!" ይሏቸዋል። እንዲህ ተሰዳድበው ነው የሚጫወቱት።
ዛሬ ግን ዓሣ ሊመርጡ ወደ ምድጃዬ ዞሩ። ጎንበስ ብለው ከጀርባው አዩ።
"ኤሲልፊ! ይኼን ማን ተከለው?"
ወንዶቹ መረባቸውን ጥለው መጡ። ናና እንደ ልጅ ተቁለጨለጩ።
"እኔ የለሁበትም። ባሕር ነው የተፋው።"
"ከባሕሩ እዚህ ድረስ በእግሩ መጣ?"
"እኛስ በምን መጣን?"
ዴምባ ቡቃያዋን አዩ፣ ናናን አዩ... ከዚያ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው።
"ባሕር የተፋውንማ እኔ ምን ቤት ነኝ የምነቅለው? ደግሞ ውሃ አጠጡት፣ ጠውልጓል እኮ!"
ናና በንዴት ቀሉ። "ምኑ ነው የጠወለገው? በየቀኑ እያጠጣሁት!"

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20
ወቅቱ አለቀ። "እንመለሳለን" እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም።
ሳጥናቸውን ጎትተው ከምድጃው ጀርባ አወጡት። ገመዱን ፈትተው ለቡቃያዋ አጥር ሠሩበት፣ ፍየል እንዳይበላት። ሳጥኑ ላይ ከዴምባ ጋር ዳማ ይጫወታሉ።
"ናና፣ ፀሐይ ላይ ምን ያስቀምጣችኋል?"
"ምን ፀሐይ አለ? ጥላ ሥር ነን።"
አየሁ። እውነትም የግራ እግራቸው አውራ ጣት ጥላ ሥር ነው።
ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ዓሣው የምር አረረ።