ቁልፉ ወረዳ ነው

ለልጄ ለፀሎት፣ የቀራንዮው መድኃኔዓለም ካለሽበት ይጠብቅሽ። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አንቺ ምግብ በደንብ ትበያለሽ ወይ?

አዝላ ያሳደገችሽ ጎረቤታችን ሸዋገነት አረፈች። የእድራችንን ቤት ወረዳው ለቢሮ ብሎ ከወሰደው ወዲህ ድንኳኑም ድስቱም አግዳሚውም እዚያው ተቆልፎበታል። ከእድሩ ዳኛ ከጋሽ መኳንንት ጋር ሄደን ብንለምን፣ ጸሐፊዋ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ኑ» አለችን።

«ሬሳ ሰኞን ይጠብቃል ወይ ልጄ?» አልኳት። ቁልፉን ሳናገኝ ተመለስን።

ከየቤታችን ወንበርና ድስት አዋጣን፣ ሸራም ወጠርን። እንደተቀመጥን ከወረዳው የተላኩ ሰዎች መጥተው «ያለ ፈቃድ ነው» ብለው ሸራውን አወረዱት። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቀረ። የላክሽልኝን ጥቁር ሹራብ ለብሼ ነበር፣ እሱም ራሰ። አንድም ሰው አልተናገረም፤ እኔም ዝም አልኩ። ጋሽ መኳንንት «እንግዲህ ሁሉም በየቤቱ ያልቅስ» ብሎ ሄደ። እድሩ በዚያው ቀረ፣ የሚመለስም አይመስለኝም።

ስለ እኔ አትጨነቂ፤ ስሞት የሚቀብረኝ አይጠፋም ይሆናል። እግዚአብሔር በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ እዚያ ጎረቤትሽ ሐዘን ከደረሰበት፣ ሳትጠሪ ሂጂና አብረሽው ተቀመጪ፤ ፈቃድ አምጪ ካላሉሽ።

እናትሽ ወለተጻድቅ