ቁጥር 41 ከርቤ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1978
አራተኛው ቅርንጫፍም በሰበሰ። ስነካው ልጣጩ እጄ ላይ ቀረ።

ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ ወደ ኋላ ሲል አጥሩን ጥሶ ቁጥር 41ን ከገነደሳት ዛሬ ሦስት ሳምንቷ። በችግኝ ጣቢያችን የዛፍ ስብስብ ያለችው ከርቤ እሷ ብቻ ነበረች። ከቅርንጫፎቿ ስድስት ጥሩ ጥሩውን መርጬ ዕለቱኑ ተከልኩ፤ የመታጠቢያ ውሃዬን ሳይቀር ቀንሼ ጠዋት ማታ አጠጣሁ። ሁለት ቀሩኝ። የጣቢያው ጓድ ኃላፊ እስከ ቅዳሜ ብለዋል፤ ካልያዘ ቁጥሯ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ በቦታዋ ባሕር ዛፍ ይገባል። «እንደሚይዝ አረጋግጣለሁ» ብዬ በጽሑፍ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ምን አንቀዠቀዠኝ!

ማክሰኞ 7
አምስተኛው ሄደ። ለመጨረሻው ጥላ ሠራሁ፣ አፈር ቀየርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ።

ደግ ነገርም አለ። የግራር ችግኞቹን ምስጥ አልነካቸውም። ዛፎቹ ላይ የታሰሩትን የቆርቆሮ ቁጥሮች ሁሉ በአዲስ ቀለም ጻፍኩ። ከነገሌ የመጣ እንግዳ «ይህን ሁሉ ዛፍ በስሙ ታውቂዋለሽ?» አለኝ። የደጋ ልጅ ብሆንም አውቀዋለሁ። አንድ በአንድ ስነግረው ሰልችቶት ሄደ። እኔን አልሰለቸኝም።

ረቡዕ 8
ስድስተኛውም። አለቀስኩ፤ ይኸው ጻፍኩት።

አዴ ሎኮ አዩኝ። አጥራችንን የሚያጥሩት እሳቸው ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት እዚህ ነበሩ። «ናጋ?» አሉ፤ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። ናጋ አይደለም አልኳቸው። የበሰበሰውን አንስተው አሸተቱ። «ከርቤ ሆዷ ውሃ ነው። አንቺ ደግሞ ቀን ተቀን አጠጣሻት። እኛ ቆርጠን ጥላ ውስጥ እናስተኛታለን፤ ቁስሏ ሲደርቅ ነው የምንተክላት።»
ለምን አልነገሩኝም ስላቸው «የተማርሽው አንቺ፤ ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው በራሴ ነው የተናደድኩት። የተረፉትን ቅርንጫፎች የት እንደጣልኩ እንኳ አላስታውስም።

ሐሙስ 9
እያካፋ ግቢውን ሁሉ ዞርኩ። የማገዶ ክምር ውስጥ የለም። ከመጋዘኑ ጀርባ የለም። ጓድ ኃላፊው «በቃ፣ አለቀ?» አሉኝ። እስከ ቅዳሜ ነው ያሉኝ አልኳቸው።
አዴ ሎኮን ልጠይቅ አስቤ አፈርኩ። ነገ እጠይቃለሁ።

ዓርብ 10
ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው ቦቴው የጣሰው አጥር ጋ ወሰዱኝ። ለካ ክፍተቱን የዘጉት እኔ በጣልኳቸው ቅርንጫፎች ነው፤ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ አስተኝተው፣ ቁስሉ ሲደርቅ። ዘጠኝ እንጨት ቆሟል። ሰባቱ ላይ ቅጠል አለ፣ ጥፍር የምታህል። አንዷን አሽቼ አሸተትኩ፤ ራሷ ናት። ሥር ይዛ እንደሆነ ልነቀንቅ ስል እጄን መቱኝ። «ተያት!»

ጓድ ኃላፊው መጥተው «ይሄማ አጥር ነው» አሉ። አዎ ጓድ፣ ቁጥር ያለው አጥር ነው አልኳቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «እሺ፣ ቁጥሯ ይቆይ» አሉ።

የ41ን ቆርቆሮ አጥሩ ላይ አሰርኩ። ሥር መያዟን ገና አላውቅም፤ ሳልነካት እጠብቃለሁ። መዝገቡ ላይ «የተከለው ሰው» በሚለው ሥር ቀድሜ የጻፍኩትን የራሴን ስም ሰርዤ አዴ ሎኮ ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ስሰርዝ እንዲህ የኮራሁበት ቀን የለም።